«እናቴን የት ልውሰዳት?»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ አንዲት ከተማ ነው፤ ስለ ጎልደን። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር በስተምዕራብ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የሮኪ ተራሮች እግር ሥር ትገኛለች። ነዋሪዋ ወደ 20 ሺህ ቢሆን ነው። እኔ ዴንቨር ውስጥ 19 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ሰው ወደ ተራራው ሳደርስ ጎልደንን በመስኮት አይቼ ነበር የማልፈው። አንድ ቀን ጎማዬ ተንፍሶ እዚያ ቆምኩ። ጎማው እስኪሠራ ወንዙ ዳር ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እመላለስባታለሁ። ስለዚህ ሦስቱንም አንድ ላይ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነው። በሰኔ እናቴ ከደብረ ብርሃን ትመጣለች። ዕድሜዋ 67 ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ባለፈው ዓመት አክስቴን ትልልቆቹ ተራሮች ላይ ወስጃት መንገዱ አዞራትና ስታስመልስ ዋለች። እናቴ ላይ ይህ እንዲደርስ አልፈልግም። የምሠራው ሌሊት ስለሆነ ሙሉ ቀን የማገኘው ማክሰኞን ብቻ ነው። ጓደኞቼ «ጎልደን ውሰዳት» ይሉኛል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?
(የሌሊት ሠራተኛው)

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኞችህ ደህና መክረውሃል። እንግዳ ሲመጣ ሁላችንም የምናስበው ከፍ ያለውን ቦታ ነው። ተራራው ላይ ካላወጣናት ያላስጎበኘናት ይመስለናል። እናትህ ግን የደብረ ብርሃን ሰው ናት። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው ያለችው። ከፍታና ብርድ ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም። ለእሷ አዲስ የሚሆነው ተራራውን ከሥሩ ሆኖ ማየት ነው። እሱን ደግሞ ከጎልደን የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም።

በጠዋት ውጡ። በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ እዚያ ድረሱ። መኪናህን መሀል ከተማው አካባቢ አቁም፤ መንገድ ዳር የሰዓት ገደብ ስላለ ምልክቱን ሳታነብ አትሂድ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ወንዙ ውሰዳት። ስሙ ክሊር ክሪክ ነው። ከተማዋን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። በግራም በቀኝም የተነጠፈ የእግር መንገድ አለው፤ ሜዳ ስለሆነ ለጉልበት አይከብድም። አግዳሚ ወንበሮችም አሉ። በሰኔ የተራራው በረዶ የሚቀልጥበት ጊዜ ነውና ወንዙ ሞልቶ ይጮኻል። እዚያ አስቀምጣትና ለትንሽ ጊዜ አታናግራት። የእኔን እናት ያመጣኋት ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃውን ስታይ ቆየች። ስለ አሜሪካ አገር ከዚያ በፊት ስትጠይቀኝ የነበረው ሁሉ ስለ ሕንፃና ስለ መኪና ነበር። ያን ቀን የጠየቀችኝ ውሃው ከየት እንደሚነሣና ወዴት እንደሚሄድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። ነፋሱ ወደ እናንተ ከነፈሰ አየሩ ብቅል ብቅል ይሸታል። አዶልፍ ኩርስ በ1873 የመሠረተው ትልቁ የቢራ ፋብሪካ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነው ያለው። ምን እንደሆነ ቀድመህ አትንገራት። ጠላ ጠምቃ የምታውቅ ሴት ከሆነች ራሷ ትነግርሃለች። እናቴ «እዚህ ሰፈር ማን ነው የደገሰው?» ብላኛለች።

እዚያው ወንዙ ዳር ከእንጨት ግንድ የተሠሩ ያረጁ ጎጆዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በምን ዓይነት ቤት ይኖሩ እንደነበር ለማሳየት ከተራራው ሸለቆ ነቅለው አምጥተው የተከሏቸው ናቸው። ግቡና እዩ። ምጣዱንና እሳቱን ከቤታችን ጋር እያነጻጸሩ ማየት ለእናቶች ደስ ይላል። ከዚያ ወደ ዋሽንግተን አቬኑ ውጡ። ዋናው መንገድ ነው። ከላይ አቋርጦ የተሰቀለ የእንኳን ደህና መጣችሁ ቅስት ታያላችሁ፤ ከ1949 ጀምሮ እዚያው ነው። እሱ ሥር ፎቶ አንሣት። ከተማዋ በ1859 የወርቅ ፍለጋ ጊዜ ነው የተቆረቆረችው። ስሟ ግን ከወርቅ አልመጣም፤ ቶማስ ጎልደን ከሚባል ወርቅ ፈላጊ ነው። ከ1862 እስከ 1867 ደግሞ የኮሎራዶ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ ስታያት ይህን ማመን ይከብዳል፤ መሀል ከተማዋን ከጫፍ ጫፍ በእግር ለመሄድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

የምሳውን ነገር አስብበት። ሰኔ ጾም ነው። እናትህ የምትጾም ከሆነ ቀኑን በእሷ ሰዓት አዘጋጅ እንጂ በምግብ ቤቶቹ ሰዓት አትቁረጠው። ከቤት በምሳ ዕቃ ይዛችሁ ውጡ። እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ ደግሞ ከቀትር በኋላ ብዙ አታስኪዳት፤ ፀሐዩ ከባድ ነው።

ከቀትር በኋላ ለሚኖራችሁ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ እመርጥልሃለሁ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ከአይ-70 መንገድ ዳር ገደላማው ላይ ማዘር ካብሪኒ የሚባል የጸሎት ቦታ አለ። ፍራንሲስ ካብሪኒ ጣሊያን ተወልዳ ስደተኞችን ለመርዳት አሜሪካ የመጣች መነኩሲት ነበረች። በ1946 ቅድስት ተብላለች፤ ከአሜሪካ ዜጎች የመጀመሪያዋ ናት። የስደተኞች ጠባቂ እያሉም ይጠሯታል። ቦታውን ስትገዛ ውሃ አልነበረውም። በ1912 አብረዋት የነበሩት መነኮሳት ውሃ ጠማን ሲሏት «ያንን ድንጋይ አንሥታችሁ ቆፍሩ» አለቻቸው ይባላል። ቆፈሩ፤ ምንጭ ወጣ። ዛሬም ይፈሳል። ሰው በጠርሙስና በጀሪካን እየቀዳ ይወስዳል። ኮረብታው አናት ላይ ወዳለው የክርስቶስ ሐውልት የሚያወጣው ደረጃ 373 ነው። እናትህ እሱን አትሞክር። ከታች ሆና ውሃውንም የጸሎት ቤቱንም ማየት ትችላለች።

ቦታው የካቶሊኮች መሆኑን ግን ከመድረሳችሁ በፊት ንገራት። ውሃውን ትጠጣ አትጠጣ የራሷ ጉዳይ ነው፤ አትጎትጉታት። የእኔ እናት አልጠጣችም። ደረጃው ሥር ቆማ የራሷን ጸሎት አደረሰች። ከዚያ «ይቺ ሴትዮ እንዳንተ ስደተኛ ነበረች ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሻሿን አስተካክላ ሁለት ጠርሙስ ሞላች። ለማን እንደሞላችው አልጠየቅኋትም።

የድሮውን የአሜሪካ ምዕራብ ሕይወት በትዕይንት እያሳየ ዝነኛ የሆነው ባፋሎ ቢል የተቀበረበት ሉክአውት ማውንቴን ላይ ካልወጣን የምትሉ ከሆነ በጎልደን በኩል አትውጣ። ያ መንገድ ጥምዝምዝ ነው፤ እንደ አክስትህ ሆድ የሚረብሸውን ሰው ያሠቃያል። በአይ-70 በኩል ዞረህ ግባ። ሰውዬው በ1917 ዴንቨር ሞቶ እዚያ ተቀበረ። ጎረቤት ግዛት ዋዮሚንግ ያሉ ሰዎች «የእኛ ነው» ብለው ብዙ ስለተከራከሩ መቃብሩ በኮንክሪት ነው የተደፈነው። ከዚያ ላይ ዴንቨርና ሜዳው በሙሉ ይታያል። ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ጥያቄ፦ በነሐሴ ለዘመድ ሠርግ ሜሪላንድ ካለው ሲልቨር ስፕሪንግ ዴንቨር እንመጣለን። የ7 እና የ10 ዓመት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ከሠርጉ በኋላ አንድ ነፃ ቀን አለን። መኪና አልከራይም። ልጆቹ ዳይኖሰር ይወዳሉ፤ በጎማ ወንዝ ላይ መንሳፈፍም በስልክ አይተው «ካልሄድን» እያሉኝ ነው። ጎልደን ለእኛ ይሆናል? ወንዙስ ያሰጋል?
(የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ወንዙ ልጀምር፤ ቀልድ የሌለበት ነገር እሱ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። ያኔ 9 ዓመቱ ነው። ወሩ ጁን ነበር። ሰው ዳር ዳሩን እግሩን ሲነክር አይቶ «እኔም» አለ፤ እሺ አልኩት። ውሃው ጉልበቱ ጋ እንኳ አልደረሰም። ድንጋዩ አዳለጠውና ወደቀ። ሦስት ሜትር ያህል ከወሰደው በኋላ ነው አንድ ጎረምሳ እጁን የያዘው። ከውሃው ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥርሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። በረዶ ቀልጦ የመጣ ውሃ ነዋ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የልጁ እናት ይህን እስካሁን አልረሳችውም፤ እኔም አልረሳሁትም።

ነሐሴ ይሻላል። ያኔ ወንዙ ጎድሎ ይረጋጋል። ሆኖም ዝናብ ከጣለ ሊለወጥ ይችላል፤ ውሃው ሲበረታ ባለሥልጣኖቹ መንሳፈፍ ይከለክላሉ። ስለዚህ የዚያን ዕለት ጠዋት መፈቀዱን አረጋግጪ። ጎማና የሕይወት ጃኬት የሚያከራዩ አሉ። የራስ ቁርም ጠይቂ። የ10 ዓመቱ ዋና የሚችል ከሆነ፣ ከጎኑ አንድ ጎልማሳ ካለ፣ ዝቅ ያለውን ክፍል ይሞክር። የ7 ዓመቱ ዳር ላይ ጠጠር ይወርውር። ቢያለቅስም ያልቅስ።

መኪና ስለሌለሽ ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ደብሊው የሚባለውን የከተማ ባቡር ያዙ። በ2013 ነው የተከፈተው። የመጨረሻው ጣቢያ ስሙ ላይ ጎልደን ይላል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ መሀል ከተማ የደረሰ ይመስለዋል። አልደረሰም። ከዚያ በአውቶቡስ ወይም በኡበር መቀጠል አለባችሁ። ከሁለት ልጅ ጋር በፀሐይ በእግር አትሞክሪው።

ዳይኖሰሩን በተመለከተ ልጆችሽ ዕድለኞች ናቸው። ሁለት ቦታ አለ። ትልቁ ዳይኖሰር ሪጅ ነው፤ ከከተማዋ ወደ ደቡብ ወጣ ይላል። በ1877 አርተር ሌክስ የሚባል የጎልደን መምህር እዚያ አካባቢ ግዙፍ አጥንቶች አገኘ። በጀርባው ላይ ሰሌዳ የተደረደረበት ስቴጎሳውረስ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም የተገኘው እዚያ ነው። መንገዱ ለመኪና ዝግ ስለሆነ ወይ በእግር ትሄዳላችሁ ወይ እየከፈላችሁ አስጎብኚ ባለው አውቶቡስ ትሳፈራላችሁ። በነሐሴ ፀሐይ አውቶቡሱን ያዙ። አጥንቱ አሁንም ድንጋዩ ውስጥ ነው ያለው፤ ልጆቹ በእጃቸው ይነኩታል።

የእግር አሻራዎቹ ያሉት ግን እንደ ግድግዳ በቆመ ድንጋይ ላይ ነው። ልጆቹ «ዳይኖሰር ግድግዳ ይወጣ ነበር?» ማለታቸው አይቀርም፤ መልሱን ይዘሽ ሂጂ። ያ ድንጋይ በፊት የባሕር ዳርቻ ጭቃ ነበር፤ እንደ ሜዳ ተዘርግቶ። እንስሶቹ ረገጡት። ጭቃው ደርቆ፣ ሌላ አፈር ተጭኖበት ድንጋይ ሆነ። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ተራሮቹ ከሥር ሲነሡ ዳር ላይ ያለውን ንጣፍ ገፍተው አቆሙት። ምንጣፍ ከአንድ ጎኑ ሲነሣ እንደሚቆመው ማለት ነው። ተራራ እግር ሥር ያለ ከተማ ሀብቱ ይህ ነው። ሌላ ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረሽ የማታገኚው ድንጋይ እዚህ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቅሻል።

ጊዜ ካጠረሽ ሁለተኛውን ምረጪ። ትራይሴራቶፕስ ትሬል ይባላል። ከመሀል ከተማው ቅርብ ነው፤ አይከፈልበትም፤ አጭርና ቀላል መንገድ ነው። ሰዎች ለጡብ ሸክላ አፈር ሲያወጡ የዳይኖሰርና የዘንባባ ቅጠል አሻራ የተገለጠበት ቦታ ነው። ለ7 ዓመት ልጅ እግር የሚመጥነው ይሄኛው ነው።

ቀን ከተረፋችሁ የኮሎራዶ የባቡር ሙዚየም እዚያው ጎልደን ነው። ስለ እሱ ስጽፍ ራሴን መግታት አለብኝ። እኔ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ለገሃር አጠገብ ነው። የባቡሩን ፊሽካ ሰምተን ነበር ከእንቅልፍ የምንነሣው። ሙዚየሙ ውስጥ በተራራ ላይ ይሄዱ የነበሩ ጠባብ ሐዲድ ያላቸው ባቡሮች አሉ። የሐዲዱ ስፋት ሦስት ጫማ ነው፤ 91 ሴንቲ ሜትር። የእኛ የጅቡቲው አንድ ሜትር ነበር። አጠገባቸው ስቆም የዘይቱ ሽታ ሳይቀር ያው ነው የሚሆንብኝ። ልጆችሽ ላይወዱት ይችላሉ፤ ባቡር ላይ መውጣት ስለሚፈቀድላቸው ግን የሚሰለቹ አይመስለኝም።

ሌላው፣ እናንተ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ካላለ አገር ነው የምትመጡት። ጎልደን 1,730 ሜትር ላይ ናት። ትልቅ ከፍታ አይደለም፤ ግን ለለመደው ነው። ልጆቹን ራስ ምታት ቢይዛቸው አትደንግጪ፤ ውሃ ደጋግመሽ ስጫቸው፤ ኮፍያም አይርሱ። ከሰዓት በኋላ ድንገት ደመና ይሰበሰባል፣ ነጎድጓድም ይኖራል። ስታዪ ከሜዳና ከኮረብታ ላይ ቶሎ ውረዱ። ውጭ የምትሠሩትን ሁሉ በጠዋት ጨርሱት።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ። አዲስ አበባ ነኝ። ጎልደን ያለው ኮሎራዶ ስኩል ኦፍ ማይንስ ተቀብሎኛል፤ ጂኦሎጂ ላጠና ነው። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አራት ነፃ ቀን ይኖረኛል። እጄ ላይ ብዙ ገንዘብ የለም። በነፃ ምን ላይ?
(ድንጋይ ወዳጁ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ ልጄ! ትልቅ ቦታ ነው የገባኸው። ኮሌጁ የተቋቋመው በ1874 ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ለኮሌጁ የማዕድን ሙዚየም ስጠው። መግቢያ አይከፈልበትም። የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድመህ እይ። እዚያ ከጨረቃ የመጣ ድንጋይ አለ። አፖሎ 17 የተባለው የጨረቃ ጉዞ ያመጣው ነው፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ለኮሎራዶ ግዛት በስጦታ የሰጡት። ከዚያ የት እንደገባ ጠፋ። በ2010 አንድ የቀድሞ የግዛቱ ገዥ ቤት ተገኘና ለኮሌጅህ ተሰጠ። ትንሽ ናት። ትልቅ ነገር ጠብቀህ አትሂድ፤ ግን ፊቷ ቁም።

ሁለተኛውን ቀን ኖርዝ ቴብል ማውንቴን ውጣ። ይህም በነፃ ነው። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ሁለት ጠፍጣፋ ተራሮች አሉ። ስታያቸው «አምባ!» ማለትህ አይቀርም። እኔም ያልኩት እንደዚያ ነው። ከላያቸው ያለው ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። የእኛን ደጋ የሸፈነው 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። ሥሩ ያለው ለስላሳ አፈር ሲሸረሸር ከላይ ጠንካራው ቆብ ይቀራል። አንድ ዓይነት አሠራር ነው። አንተ ይህን ከእኔ በተሻለ ታስረዳለህ። ከመንገዱ አትውጣ፤ ጅራቱን የሚያንቀጫቅጭ መርዛም እባብ አለ። ድምፁን ከሰማህ ቁም፤ ከየት እንደመጣ ለይተህ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ተመለስ።

ከፍታው አይከብድህም። ሉክአውት ማውንቴን ጫፍ ላይ ብትወጣ 2,249 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለህ። የቀሩትን ሁለት ቀኖች ወንዙ ዳር ሂድ፣ ዋሽንግተን አቬኑ ላይ የነሐስ ሐውልቶቹን እያየህ ተመላለስ። ከተማዋን በእግርህ ልመዳት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከከተማዋ በላይ ማውንት ዛየን የሚባል ኮረብታ ላይ ነጭ ትልቅ የእንግሊዝኛ «ኤም» ፊደል ታያለህ። በ1908 የተሠራ ነው፤ ማታ ማታ ይበራል። አዲስ ተማሪዎች በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር እያንዳንዳቸው 10 ፓውንድ፣ ማለትም 4 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ድንጋይ ተሸክመው ወደዚያ ይወጣሉ። ድንጋዩን ፊደሉ ላይ ያስቀምጡና ነጭ ቀለም ይቀቡታል። ልማዱ ድንጋዩን ከትውልድ ቦታ ማምጣት ነው። ሲመረቁ ደግሞ ወጥተው አንድ ድንጋይ ይዘው ይወርዳሉ።

ሻንጣህ 23 ኪሎ ከሆነ 4 ኪሎ ተኩል ብዙ ነው። እናትህ በርበሬና ሽሮ ልትጨምርበት ስትል ክርክር ይነሣል። እኔ ብሆን ድንጋዩን አስገባለሁ። በርበሬ ዴንቨርም ይገኛል። ከእንጦጦም ይሁን ከሰፈርህ ወንዝ አንድ ድብልብል ጥቁር ድንጋይ ምረጥ፤ ሚዛን ላይ አድርገህ መዝነው። ሲገቡ የሚፈትሹት አፈር እንዳይገባ ነው። ስለዚህ በብሩሽ በደንብ እጠበው፤ ስንጥቅ ያለበትን አትውሰድ፤ አፈር ይይዛል። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቀው። በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ውስጥ፣ በወፍራም ሹራብ ጠቅልለህ አስቀምጠው። ፈታሹ ምን እንደሆነ ከጠየቀህ እንደዚሁ ንገረው።